ወደ ባሕር ስለመራን ምልክት፤ ለዋራሊ ከንቲባ

ለተከበሩ አቶ ላያል ሆክሪጅ፣ የዋራሊ ወረዳ ምክር ቤት ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ እንዲሁም በቤተ መጻሕፍቱ፣ በመዋኛው ገንዳና በሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳይታክት ፈገግ የሚለውን የፎቶግራፍዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ጆሮዬ ውስጥ ከቀረው አሸዋ በስተቀር ደህና ነኝ።

ኖሊን ፕረንቲስ እባላለሁ። ባላራት ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከልጅነት ጓደኛዬ ከኮራሊና ከባሏ ከዳረል ጋር ሆነን፣ አይተነው የማናውቀውን የእናንተን ጠረፍ ለማየት መጣን። የምንኖረው ዳረል በመኪናው በሚጎትታት ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ እንልበስ ካልን አንዳችን ውጭ ቆመን ተራ መጠበቅ አለብን። ቢሆንም ቤት ናት። ኮራሊና ዳረል እሷን ለመግዛት ሲሉ የባላራት ቤታቸውን ስለሸጡ፣ ከእሷ ሌላ የሚገቡበት ጣሪያ የላቸውም።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ላለማባከን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከተማዋ መግቢያ ላይ «ድንቅ የባሕር ዕይታ፤ ለተጎታች ቤቶች ምቹ መንገድ» የሚል ትልቅ ምልክት ስላቆሙልን ከልብ እናመሰግናለን። እኛ ምልክት የምናከብር ሰዎች ነንና በታዘዝነው መሠረት ታጠፍን። አስፋልቱ ጠጠር ሆነ፤ ጠጠሩ አሸዋ ሆነ፤ አሸዋውም ቁልቁል ወርዶ ወርዶ የባሕር ዳርቻ ሆነ።

«ዳረል፣ መንገዱ እኮ አልቋል» አለች ኮራሊ።

«ምልክቱ ምቹ ነው ይላል።»

«ምልክቱ መቼ እዚህ ደረሰና! የደረስነው እኛ ነን!»

ዳረል ሊመልስላት አፉን ሲከፍት መኪናውም ተጎታቿም ባንድ ላይ ሰመጡ። ስለ ዕይታው ግን ምልክትዎ አልዋሸም። ባሕሩን ከዚያ በላይ ቀርቦ የሚያይ ዓሣ ብቻ ነው።

2ኛ/ እርዳታ ፈልገን ወደ ምክር ቤቱ ስንደውል ስልኩን ላነሳችው ጨዋ ሴት ምስጋናዬ ይድረስልኝ። የተያዝነው መንገድ ላይ ነው ወይስ ባሕር ዳርቻ ላይ ብላ ጠየቀችኝ። ስንነሳ መንገድ ነበር፣ አሁን ባሕር ዳርቻ ነው አልኳት። ባሕር ዳርቻ የመንገድ ክፍሉን እንደማይመለከት በትሕትና ካስረዳችኝ በኋላ ደንብ አስከባሪ ላከችልን።

አቶ ፈርገስ ቲሊ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ ቁምጣውን ተኩሶ መጣ። ሲያየን አዘነልን። ካዘነልን በኋላ ግን፣

«እዚህ መስፈር ክልክል ነው» አለ።

«እኛስ መች መስፈር ፈለግን? አውጣን» አልኩት።

«መጎተት የኔ ሥራ አይደለም ወዳጄ። የኔ ሥራ ሂዱ ማለት ነው።»

«እሺ፣ እንሄዳለን። በምን?»

ፈርገስ አሸዋውን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ የደንብ መጽሐፉን አየ። በደንቡ መሠረት የሚተኛ ሰው ከሌለ ሰፈራ እንደማይባል ደረሰበትና በልጅ ደስታ ነገረን። ችግሩ ኮራሊ በድንጋጤ ራሷን አሟት አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። መስኮቱን በስሱ አንኳኳ።

«ወይዘሮ፣ ይቅርታ፤ ዓይንዎን ይግለጡልኝ። ከተጨፈነ ልቀጣዎት ነው።»

ኮራሊ ያኔ የመለሰችለትን በዚህ ደብዳቤ ላይ ማስፈር ለክቡርነትዎ አይመጥንም።

3ኛ/ ማዕበሉ፤ ማለትም በየዕለቱ ሰዓቱን ጠብቆ ወደ ዳርቻው የሚሞላው ባሕር። ምልክቱ ላይ ስለ ማዕበል አንዲት ቃል አለመጻፍዎ፣ ጎብኚው ነገሩን በራሱ እንዲያውቅ ከማሰብ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ውሃው መጀመሪያ የኋላውን ጎማ ላሰ፤ ከዚያ የተጎታቿን የበር መረገጫ ነካ። ፈርገስ ይኼን ጊዜ ሥራውን ጨርሶ መሄድ ፈለገና መኪናውን ሲያስነሳ እሱም ሰመጠ።

«እዚህ ማቆም ክልክል ነው» አለው ዳረል።

ከተነሳን ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ዳረል ቀልዱን ጨርሶ መረገጫው ላይ ተቀመጠና ውሃው ጫማው ውስጥ ሲገባ ዝም አለ። ዳረል ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ እንቅልፉ ውስጥ እንኳ ያወራል። ኮራሊ ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ቤቱን እንሽጠው ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው።

«አንቺ ባትይ እኔ ልል ነበር። በይ አካፋውን አምጪ፤ ማልቀሱ ይደርሳል።»

ያን ጊዜ ፈርገስ ካልሲውን አውልቆ፣ ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ በእጁ አሸዋ መቆፈር ጀመረ። ይህ ሥራው እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ እንዳይቀጡት በዚሁ አጋጣሚ እለምንዎታለሁ።

4ኛ/ ያዳነን ምክር ቤቱ ስላልሆነ ይህን ቁጥር ባልጽፈውም ይቻል ነበር። ኦይስተር የሚባለውን፣ በቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር ምግብ የምታረባው ቫልማይ ትሬጊ ጀልባዋን በምትጎትትበት ትራክተር ዳርቻውን ይዛ ከች አለች።

«የሆክሪጅ ምልክት ነው የላካችሁ?»

«እሱ ነው» አልናት በአንድ ድምፅ።

«እስሩ ገመዱን! ወሬው ሻይ ላይ ይደርሳል።»

የፈርገስን መኪና በቀላሉ አወጣች። በእኛ ተራ ግን ትራክተሩ አጓራ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ እኛም ከኋላ ደረታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተን ገፋን። ተጎታቿ እንደ ጉማሬ ተንፍሳ ወጣች፤ በሯ ግን ተበርግዶ ድስቱን፣ ትራሱንና የዳረልን የውስጥ ሱሪዎች ለባሕሩ አስረከበች። ፔሊካን የሚሉት መንቁረ ረጅም ወፍ መጥቶ የራታችንን ቋሊማ ከነማሸጊያው ወሰደ። ፈርገስ «ቆሻሻ መጣል ክል...» ብሎ ጀመረና ዋጠው፤ ሱሪዎቹን ሊይዝም ዋኘ።

5ኛ/ ይህ ሁሉ ሲሆን ኮረብታው ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳን የነበረው የእርስዎ የቱሪዝም ክፍል ሠራተኛ መሆኑን ያወቅነው በቀደም ነው። ለእርዳታ ይወርዳል ብለን እጃችንን እያወዛወዝን ነበር። እነሆ በአዲሱ ማስታወቂያችሁ ላይ «ዋራሊ፤ እንግዶቻችን ከደስታ ብዛት እጃቸውን ያወዛውዛሉ» ተብሎ ወጥተናል። ኮራሊ በፎቶው ላይ ወፍሬ ታየሁ በማለት ቅር ብሏታል፤ ሌላ ቅሬታ የለንም።

የተጎታቿ አክስል፣ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ፣ ስለተጣመመ እስኪጠገን ድረስ ቫልማይ ግቢዋን ሰጠችን። ተጠገነ፤ እኛ ግን አልሄድንም። ኮራሊ የኦይስተር ቅርፊት መክፈት ለምዳ ቢላዋውን ከእጇ አታስነካም። ዳረል ከፈርገስ ጋር ዓሣ ያጠምዳል፤ ሁለቱም ስላመለጣቸው ዓሣ እኩል ይዋሻሉ። እኔም አገር ለማየት መጥቼ ሰው አግኝቻለሁና የወረዳው ነዋሪ ሆኜ ተመዝግቤያለሁ። ለዚህ ያበቃን ሌላ ማንም ሳይሆን የክቡርነትዎ ቸልተኝነት ነው።

አሸዋ ላይ የቆመውን አስተዳደርዎን ፈጣሪ ከማዕበል እንዲጠብቅልን እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ፣ ግን እንደዚያ ቀን ሳልሰምጥ፣ እጅ እነሳለሁ።

የእርስዎ ታማኝና አሁንም እርጥብ ነዋሪ፣
ኖሊን ፕረንቲስ
ከቫልማይ ትሬጊ ግቢ፣ ዋራሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው ምርጫ ለእርስዎ ወንበር እንደምወዳደር ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙ ብዬ ራሴ ልንገርዎ። ለእጩነቴ ከሁሉ ቀድመው የፈረሙልኝ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሜርል ናቸው። እርስዎ ከተሸነፉ በኋላ እቤት የሚሠሩት ሥራ ሞልቷል፤ ከጓሮው አጥር መጀመር ይችላሉ ብለውኛል።