መመለስ የሚል ቅጽ የለም

ጂንካ
መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለብዙወርቅ አበራ
አውስትራሊያ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። «ልጄ» ስልሽ ፊትሽን እንደምታጠቁሪብኝ አውቃለሁ፤ ግን ከተወለድሽ ጀምሮ የለመደ አፍ ነው፣ ምን ላድርገው። ስልኬን ስለማታነሺ ይህን ደብዳቤ በአክስትሽ ልጅ በሳምሪ በኩል ልኬዋለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ ብትቀድጂውም አልቀየምሽም።

ጉዳዩ ቤቱ ነው። የአባትሽን ቤት ወደ አንቺ ስም ላዛውረው ነው። በእኔ በኩል ያለው ሁሉ አልቋል፤ የቀረው የአንቺ ወረቀት ብቻ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ጂንካ መጥተሽ ማዘጋጃ ቤት ፋይሉን ስታስከፍቺ የእኔን ስም አገኘሽ። «ጋሽ ኤርጎ ቤታችንን በሉት» ብለሽ ለሳምሪ እንደ ነገርሻት ሰምቻለሁ። አልፈረድኩብሽም። ካርታው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ደግሞ የነገረሽ ሰው የለም።

በ83 ግንቦት መንግሥት ሲለወጥ አባትሽ የቀበሌው ሱቅ ሊቀመንበር ነበር። ማን ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ አልነበረም። በእረፍት ሰዓት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ። እጄ በጠመኔ እንደ ነጣ ቁልፉን አስጨበጠኝ።

«ኤርጎ፣ ጥሩዬንና ልጅቷን ይዤ አዲስ አበባ ልውጣ። ቤቱን በስምህ አድርገው። ሲረጋጋ እመለሳለሁ» አለኝ።

ምስክር አልጠራንም፣ አልተፈራረምንም። እኔ በእናቴ በኩል የበና ሰው ነኝ። በእናቴ አገር ሰው ከብቱን ሁሉ አንድ በረት አያኖርም። አንዷን ላም አርቦሬ ካለ ወዳጁ ዘንድ፣ ሌላዋን ቀይ አፈር ያኖራል፤ በሽታ ወይም ድርቅ አንዱ ጋ ቢገባ ሌላው ጋ ያለችው ትተርፋለች። ወዳጅየው ወተቷን ይጠጣል፣ ላሚቱ የማን እንደሆነች ግን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አባትሽ ቀይ አፈር ገበያ ሲነግድ ስለኖረ ይህን ያውቅ ነበር። «እንግዲህ ቤቴን እንደ ላም አስቀመጥኩት በለኛ!» ብሎ ሳቀ። በዚያ ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ላም ግን ካርታ የላትም። ኋላ የከተማው ቤት ሁሉ ሲመዘገብ፣ በተባባልነው መሠረት ስሜን ሰጠሁ።

አባትሽ በ90 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲያርፍ ለቅሶ መጥቼ ነበር። አንቺ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ያኔ ቤቱን ለምን አልመለሱም ትዪኛለሽ። በእናቴ አገር የወዳጁን ላም የያዘ ሰው ሳይጠየቅ ነድቶ አይመልስም። ሳይጠየቁ መመለስ «ወዳጅነታችን በቃኝ» ማለት ነው። ባለቤቱ ራሱ ይመጣል፣ ይበላል፣ ያድራል፣ በነጋው «ላሜን ስጠኝ» ይላል። ስለዚህ እናትሽ እስክትጠይቀኝ ጠበቅኩ። ጥሩዬ ደግሞ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል ያደገች ሴት ናት፤ ባለአደራው ራሱ ይዞ እስኪመጣ ጠበቀች። እሷ እኔን፣ እኔ እሷን ስንጠብቅ እሷንም ሞት ወሰዳት።

ይህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ደግሞ ልናገር። ቤቱን ለመድኩት። በአሮጌው አውሮፕላን ሜዳ በኩል ሲያልፉ «የመምህር ኤርጎ ቤት» ሲሉት ደስ ይለኝ ነበር። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል፣ እኔ ግን ደምቄበታለሁ። አንቺ በመጣሽ ዕለት ቤት ነበርኩ። ባለቤቴን አየለችን «ካንጋተን ሄዷል በያት» ያልኳት እኔ ነኝ። ጓዳ ተደብቄ ድምፅሽን ሰማሁ። አነጋገርሽ ቁርጥ አባትሽን ነው። በጣም አፈርኩ ልጄ፣ ዛሬም አፍራለሁ። ይቅር በዪኝ።

ጥር ላይ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ «ቤት ልመልስ ነው» አልኩ። ፋይሉን የያዘችው ልጅ ቤቲ ትባላለች፣ አራተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ።

«መምህር፣ ሲስተሙ ላይ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። መመለስ የሚል ቅጽ የለንም፤ ስመ ንብረት የሚዛወረው በሽያጭ፣ በስጦታ ወይም በውርስ ነው» አለችኝ።

«የራሷን ቤት ልሽጥላት?»

«እሱማ አይሆንም።»

«የራሷን ቤት ልስጣት?»

«መምህር፣ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ» አለችኝ። ትዕግሥት አላስተማርኳትም መሰለኝ።

በመጨረሻ ስጦታ የሚለው ላይ ፈረምኩ። ስጦታ እንዳልሆነ አንቺ እወቂልኝ። ቤቱ የጋራ ተብሎ ስለተቆጠረ አየለችም መፈረም ነበረባት፣ ፈረመች። የት እንደምንገባ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። እህቷ ቀይ አፈር ሁለት ክፍል ስላላት ስለ እኛ አታስቢ።

ልጄ ባሮክ ግን ተቆጣ። በመንገዱ በኩል የሚከራዩ ክፍሎች ልሠራ ብሎ ድንጋይ አስደፍቶ ነበር። ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። በሦስተኛው ሳምንት መጣና «ወኪል ያስፈልጋታል አይደል? እኔን ትወክል። አባቴ ሰጥቶ እኔ ስቀበልላት ካየች ሌቦች አለመሆናችንን ታምናለች» አለኝ። ድንጋዩን በማግሥቱ ሸጠው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያሳደግኩትን ልጅ ያን ቀን አወቅኩት ብልሽ ይሻላል። ሳምሪን ብትወክዪም አይከፋኝም፣ ምርጫው የአንቺ ነው። ብቻ ውክልናውን በኤምባሲ አረጋግጠሽ፣ ከትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያሽ ቅጂ ጋር ላኪው።

ክረምት ሳይገባ ይድረስልኝ። መንገዱ በጭቃ ይዘጋል ብዬ እንዳላታልልሽ፣ አሁን አስፋልት ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው። የካቲት ላይ ለሆዴ አርባ ምንጭ ሄጄ ታይቼ ነበር። ሐኪሙ አየለችን ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት። ምን እንዳላት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንዴም አልተቆጣችኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የተቆጣች ሴት ድንገት ስትለሰልስ ለሰው ይገባዋል።

እኔ ሳላስጨርሰው ብሄድ ቤቱ ውርስ ይሆናል። ባሮክን አምነዋለሁ፣ ግን ሦስት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱ ትዳር ይዘዋል፤ ነገር ከአንድ አፍ ሦስት አፍ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። በእጄ ልመልሰው እፈልጋለሁ።

ከአባትሽ ጋር ያልጨረስነው ክርክር አንድ ብቻ ነው። እሱ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፣ መንግሥተ ሰማያት በአንድ በር እንገባለን ወይስ አንገባም እያልን ስንሟገት ኖረናል። አንገባም ባዩ እሱ ነበር። ከገባን ደግሞ ገና ሰላም ሳይለኝ «ልጄስ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ቤቷ ገብታለች» የምለው አንቺ ወረቀቱን ከላክሽልኝ ነው።

የአብርሃም አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ በእነሱ ደስ ይበልሽ። አየለች ትስምሻለች።

የአባትሽ ወዳጅ
ኤርጎ