ፀሐይ ላይ የተሰጣው የሬዲዮ ድንጋይ

ገረመው፣

ከቀበሌ ተጠርቼ ሄጃለሁ። ብርድ ልብሴን ይዣለሁ፣ አትፈልገው።

የሬዲዮውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ለእሁዱ ጨዋታ ይደርስልሃል።

«ጦራችን ሬዲዮ ላይ አይሸነፍ፣ ቡድናችን ሜዳ ላይ አያሸንፍ» ያልኩት እዚሁ ቤት፣ ላንተ ብቻ ነበር። ውይይት ክበብ ላይ ተነስተህ «ቢተው እንዳለው» እያልክ ሰው እንድታስቅበት አልነበረም። ድሮም «ስድስተኛ ክፍልን የወደቀ» እያልክ በእኔ ነው የምታስቀው።

ካሴትህን ቴፑ በላው። ልነግርህ ነበር… ዘፋኙ እንደሆነ ሲያላዝን ነው የሚውለው።

እስከ እሁድ ካልተመለስኩ ላምበረት ላለችው እህቴ ለፀሐይነሽ ንገራት።

እሁድም እንሸነፋለን። መናገር ካማረህ ተናገር፤ ሲጠይቁህ «ያለው ቢተው ነው» በላቸው።

ከእንግዲህ ምን ይጨምሩብኛል?