የኖርዝሃምፕተን ጫማ

ለውድ እህቴ ለዘመናይ፤ ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ መንገድ ጠፋባት ያሉሽ ሐሰት ነው፤ ባቡሩን ያሳለፍኩት ስላልቸኮልኩ ነው። እንግሊዛዊቷ መምህራችን ስለ አገሯ ያስጠናችንን ዛሬም ሳልሳሳት እወጣዋለሁ፦ ቢላዋ ከሼፊልድ፣ የሻይ ስኒ ከስቶክ፣ ጫማ ከኖርዝሃምፕተን።

የሟቹ የባለቤቴ የተካ ልብስ ለነዳያን ሲሰጥ ጫማውን ያስቀረሁትም የኖርዝሃምፕተን ስለሆነ ነው። ትናንት ጠዋት ግን ጫማው በረዶ እንደያዘ በሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት።

«ተካ መጥቶ ነበር» አልኳት ለልጅ ልጄ ለዮሐና።

«እማማ፣ እስቲ ካልሲሽን ቼክ አድርጊ» አለችኝ በሚኒሶታ አማርኛዋ።

ካልሲዬ ርጥብ ነበር።

ለጠየቀኝ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ነገ በመጀመሪያ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ ቀጥሎም ዮሐና ወደ ሥራ ሳትወጣ የበሩን ቁልፍ አስረክባታለሁ።

እህትሽ ባየሽ