ይድረስ ሂሊየሙን ላስዘጉት ኃላፊ

ታኅሣሥ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.
ለተከበሩ የመጠጥ ምርመራ ላቦራቶሪ ሥራ አስኪያጅ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ ይልቁንም ስለ ዓይንዎ ብርሃን፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የምሸጠውን አልጠጣማ። ገንዘቤ እባላለሁ፤ ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ፊት ለፊት ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ። «ለመጠጥ ተስማሚ» የሚለውን የእርስዎ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በመስታወት አስገብቼ ከመድኃኔዓለም ሥዕል ጎን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም እኩል አምኛቸው ነበር፤ መድኃኔዓለም ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ወር ጎሚስታው ሀብቶም ከሥራ ወጥቶ፣ ወረቀትዎ ከመሰከረለት ሰማያዊ ክዳን ካለው ጂን እንደ ልማዱ ጠጣ። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ግድግዳ እየዳበሰ መጣና «እትዬ ገንዘቤ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» አለኝ። እጁን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ሜታኖል የሚባል መርዝ ነው አለ። አብሮት የጠጣው የጋራዡ ዘበኛ ገብረእዝጊ ደግሞ ሐኪም ጋ ሳይደርስ ሞተ።

ነገሩ ቢከነክነኝ ላቦራቶሪዎ ድረስ መጣሁ፤ ኬሚስትዎ ወይዘሮ ሔዋንም በትዕግሥት አስረዱኝ። ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚሉት መሣሪያ ውስጥ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የተጠቀለለ ቱቦ አለ፤ ኮለም ይሉታል። መጠጡ ይተንና በሂሊየም ጋዝ እየተገፋ በዚያ ያልፋል። ፖላር የሚባለው ኮለም በውስጡ አልኮልን ያዝ የሚያደርግ ሽፋን ስላለው፣ ሜታኖሉን አስቀድሞ ደህናውን አልኮል አዘግይቶ ይለቃቸዋል፤ በወረቀቱም ላይ ሁለቱ ለየብቻ ጫፍ ሆነው ይታያሉ። ይህን ያህል እኔም ገባኝ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። ሂሊየሙ በአውሮፕላን የሚመጣ ውድ ነገር ነውና ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ቁልፉ እንዲዘጋ፣ ሰኞ ሥራ እንዳይጓተት ደግሞ የመሣሪያው ምድጃ እንደጋለ እንዲያድር አዘዙ። ወይዘሮ ሔዋን ፖላሩ ኮለም እንዲያ ያለውን ሙቀት ያለ ጋዝ አይችልም፣ ያርራል ብለው ቢለምኑዎት፣ የመንግሥት ንብረት እንዲባክን ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው ገሠጿቸው። ሰኞ ሲከፈት ኮለሙ አርሮ ተገኘ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ብልሃትዎ። ሌላ ፖላር ኮለም እስኪመጣ ምርመራው ይቁም ቢባሉ፣ ለሌላ ሥራ የመጣ ፖላር ያልሆነ ኮለም ከዕቃ ግምጃ ቤት አስወጥተው «ኮለም ኮለም ነው» በማለት አስገጠሙት። በእሱ ሲያልፉ ሜታኖሉና ደህናው አልኮል ተቃቅፈው ይወጣሉ፤ የሚታየውም አንድ ትልቅ ጫፍ ብቻ ነው። እርስዎም አንድ ጫፍ አይተው መርዝ የለም ብለው ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ የወደቀ መጠጥ የለም አሉ፤ የከተማው ፋብሪካ ሁሉ በአንድ ሳምንት ጻድቅ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ወይዘሮ ሔዋንን ከመሣሪያው አንሥተው መዝገብ ቤት ስለመደቡልን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እሳቸው ግን ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

አራተኛ ልል ነበር፤ ተናደድኩና ረሳሁት። ኧረ ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠዎት? ይኸው ገና ደርሷል። ሰማያዊ ክዳኑ ጂን በየካርቶኑ ከመኪና እየወረደ፣ ከዚህ እስከ ሲኤምሲ በየግሮሰሪው እየተደረደረ ነው። እኔ የቀረኝን ከመደርደሪያ አውርጄ ቆልፌበታለሁ። ጎረቤቶቼን አትሽጡ ብላቸው ግን «ወረቀት አለው እኮ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አለው። በበዓሉ ማግስት ስንቱ ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚነሣ ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከገና በፊት ወረቀትዎን ይሰብስቡ፣ ጂኑንም ያስወርዱ።

ቆጥበው ላቆዩን፣ ፈርመው ላረጋጉን ለእርስዎ፣ አምላክ ረጅም ዕድሜን ከሚያይ ዓይን ጋር ይስጥልኝ እያልሁ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበት፣

ገንዘቤ ገብረትንሣኤ
ከወሎ ሰፈር

ግልባጭ፦
ለሀብቶም፤ የሚያነብለት ሰው ሲገኝ

ሳልረሳው፦ መሥሪያ ቤትዎ ለገና ግብዣው ከእኔው ግሮሰሪ ሁለት ካርቶን ጂን አዝዞ ነበር። ጂኑን መቆለፌን ያልሰማው ሾፌርዎ ትናንት ብቅ ብሎ፣ «አለቃ የውጭ ውስኪ ይሁን፣ ያ ሰማያዊ ክዳኑ እንዳይገባ ብለዋል» አለኝ። ለካስ ለራስዎ ሲሆን ያለ ኮለምም ይለያሉ።