የመምህራችን ድምፅ የተረፈበት ዲስክ

ለወንድሜ ለማሙሽ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የሰው ኮምፒውተር ስትጠግን እንደ ማጭድ ጎብጠህ አትዋል ብዬህ ነበር፤ መቼም አልሰማኸኝም። እማማስ ዓይኗ እንዴት ነው? ጠብታውን ሳታቋርጥ ታደርጋለች? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር የሚከሰኝ የለም። ጸጉርህ ሸብቶም ማሙሽ ማለቴን ባለቤትህ እንዳትታዘበኝ፤ አፌ ለምዶ አልተው ብሎኝ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ላመሰግንህ ነው። በስልክ ልጀምር ስል "እሺ እሺ፣ ዲስኩን ነቅለሻል?" ብለህ ትዘጋብኛለህ። በወረቀት ግን አታቋርጠኝም።

የምሠራበትን ነግሬሃለሁ፤ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍት በድምፅ እንቀርጻለን። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው፤ መሃሉ ላይ መስታወት አለ። አንባቢዋ ከመስታወቱ ወዲያ፣ እኔ ከኮምፒውተሩ ጋር ከወዲህ እንቀመጣለን። አንባቢያችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። በዚህ ዓመት ጉሮሯቸው ላይ እባጭ ተገኘና ለቀዶ ጥገና ቀን ተቆረጠላቸው። ሐኪሙ ድምፃቸው እንደ ድሮው ይሆናል ብሎ ሊዋሻቸው እንደማይፈልግ ነግሯቸዋል። ከእሱ ዘንድ እንደወጡ በቀጥታ ወደ እኛ መጥተው "እንግዲያው ሳይሄድ እንጠቀምበት" አሉ። ፈተና የደረሰባቸው ልጆች መጽሐፉን ይጠብቁ ነበር።

ኮምፒውተራችን ያን ሰሞን አዲስ ዲስክ ገብቶለታል፤ የማይሽከረከረው፣ ኤስኤስዲ የምትሉት። ከአሮጌው ማሽን የተዛወረ አንድ ፕሮግራምም አለበት። የማሽኑን ሁኔታ እንዳለ ፎቶ እንደማንሳት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ነገር ሲበላሽ ወደ ትናንት መልሰኝ ስትለው ይመልስሃል። አለቃችን በዚህ ፕሮግራም ይምላል። "ይሄ እያለ ቅጂ ምን ይሠራል?" ነው የሚለው። አለቃችንን ጽዱ እንለዋለን፤ እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ካየ ምሳ አይበላም።

ይህን ሳወራህ የጮህከው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ፎቶው ያለው እዚያው ዲስክ ላይ አይደለም እንዴ? ቤት ሲቃጠል ትርፉ ቁልፍ እቤት ውስጥ ከሆነ ምን ይረባል?" አልከኝ። ቀጥለህ እንደ ልጅ አስረዳኸኝ። ፕሮግራሙ የድሮውን ሁኔታ የሚያስቀምጠው የኮምፒውተሩ ሲስተም ባዶ ነው ብሎ በሚያስበው ቦታ ነው። ሲስተሙ ደግሞ ለኤስኤስዲው "ይሄ ባዶ ነው፣ ጥረገው" ብሎ ያዘዋል። ሁለቱ ካልተዋወቁ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ይጠርገዋል። ዲስኩን የሚያውቅ የፕሮግራሙ አዲስ ስሪት እስኪገኝ ይህን የጥረገው ትእዛዝ በራሱ የሚሰጠውን ማጽጃ አጥፊው፣ ፎቶ አታብዢ፣ ዲስኩን ጢም አድርገሽ አትሙዪው፣ ሥራ ስትጨርሺ የቀረጻውን ቅጂ በሌላ ዲስክ አድርጊና ንቀዪው አልከኝ። መሃል ላይ "አንቺ ልጅ!" ብለኸኛል፣ ታላቅህን። ቢሆንም ያልከውን አደረግሁ።

ጽዱ ግን ማሽኑ ላይ "ማጽጃው ጠፍቷል" የሚል ቢጫ ምልክት አየ። እሱ ቢጫ ምልክት አይቶ ያልፋል? እኔ በሌለሁበት አበራውና እዚያው አስጠረገው። ለማንም አልተናገረም፤ ቆሻሻ ሲያነሳ ማወጅ ልማዱ አይደለም።

መምህራችን የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብበው ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ ሆስፒታል በሄዱበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ አፕዴት ሲጭን ተንጠልጥሎ ቀረ። ልደውልልህ ስል ጽዱ "ምን ያስጨንቅሻል፣ ወደ ትናንት መመለስ ነው" ብሎ ተጫነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ስክሪኑ ጠቆረ፤ እንደጠቆረም ቀረ። ደወልኩልህና አንተ "ማጽጃውን ያበራ ሰው አለ?" ስትለኝ ዞሬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። "ቆሽሾ እኮ ነው" አለኝ።

አንድም ነገር እንዳንነካ፣ ማሽኑን አጥፍተን እንድንተወው ነገርከን፤ በበራ ቁጥር መጥረጉን ይቀጥላል አልክ። ከዚያ ሌላው ዲስክ የት እንዳለ ጠየቅከኝ። መሳቢያ ውስጥ፣ ተነቅሎ አልኩህ። በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማሁ። ማሙሽ፣ ያንን ትንፋሽ አልረሳውም።

በአዲስ ዲስክ ላይ ሁሉን እንደገና ጭነን ከመሳቢያው ስንገለብጥ መጽሐፉ ሁሉ ተገኘ፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ የለም። የዚያን ቀን ጠዋት የተቀረጸ ስለነበር ገና አልተቀዳም። የተበላሸውን ዲስክ አንድ ባለሙያ ዘንድ ልከነው ኤስኤስዲ የጠረገውን ማንም አይመልስም ብሎ መለሰልን። አሁን ዲስኩን የሚያውቀውን ስሪት ጭነናል፤ ከአፕዴት በፊትም ቅጂ አደርጋለሁ። ጽዱ ራሱ "ሳይጠየቅ አይጠረግ" ብሎ ማሽኑ ላይ ለጥፏል፣ በማስመሪያ አስምሮ።

መምህራችን ከሆስፒታል ወጥተው መጡ። እባጩ ክፉ አልነበረም፤ ድምፃቸው ግን ሹክሹክታ ሆኗል። ጽዱ መሬት መሬት እያየ የሆነውን ነገራቸው። ሰሙትና የተረፈውን አስከፈቱን። ትንሽ አዳምጠው "ይቺ ሴትዮ ደህና ታነባለች፤ ከየት አገኛችኋት?" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የቀረውን አንቺ አንብቢው አሉኝ። ልጆቹ በእኔ ንባብ ፈተና ይወድቃሉ ብላቸው "የወደቀ ምን ጊዜም ሰበብ አያጣም፤ ግቢ" አሉ።

ገባሁ። እሳቸው በኔ ወንበር ተቀመጡ። በተሳሳትኩ ቁጥር መስታወቱን በእስክሪብቶ ጫፍ ይመቱታል፤ እመለሳለሁ፤ ይመቱታል፤ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ሳያልቅ ላብ አጠመቀኝ። አንተ ባትቆጣኝ መጽሐፉን በሙሉ እኔው ላነበው ነበር፤ ልጆቹም ያመስግኑህ። እየቆየ መስታወቱ ዝም አለ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ከወረቀቱ ቀና ስል፣ መምህራችን ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ከኔ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል። እንዳላየሁ ሆኜ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን፣ ወንድሜን ከነቁጣው ስለቻልሽልኝ ውለታሽ አለብኝ በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ሁለት ጊዜ፣ ትንሹን አንገቱ ሥር እስኪስቅ ሳምልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም ሰላምታዬ ይድረሰው።

አክባሪህ እህትህ

ከቀረጻ ክፍሉ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን