ለጋሼ ያስተካከልኩት ሮቦት

ጥር 6

ዛሬ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጥፍር ስሞርድና ስቀባ ዋልኩ። አንዲት ሙሽራ ሚዜዎቿን በሙሉ አስከትላ መጥታ ወገቤን ቆረጠችው። ሁሉም "ቶሎ በይ" ባይ።

ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን ከፍቶ ያፈጥበታል። ፊዚዮቴራፒስቷ ናት የሰጠችው። የፕላስቲክ ሮቦት። ተሠርቶ ያለቀ አይደለም... ቁርጥራጩ ሁሉ ፍሬም ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ይገጣጠማል፣ ቀለም ይቀባል። አልቆ ሲቆም ከመሐል ጣቴ ብዙም አይበልጥም።

"የልጅ መጫወቻ ሰጠችኝ" አለ። ተናዷል። አይፈረድበትም። ሃያ ዓመት የግንባታ ክሬን ያንቀሳቀሰ ሰው ነው። ከላይ ሆኖ ሁሉን ስለሚያይ ሥራ ቦታ "ጭልፊት" ነው የሚሉት። ስትሮኩ ግራ እጁን ከመታው ወዲህ ግን ውሎው ቤቴ ሶፋ ላይ ሆነ።

ክሊኒክ ውስጥ ስታየው እጁ ይደነግጣል። ስለዚህ "ቤትዎ ተረጋግተው በግራ እጅዎ ይሥሩትና በየሳምንቱ ያሳዩኝ" አለችው። የክንዱ ጉልበት ተመልሷል፤ የቀረው የጣቶቹ ነገር ነው። ጣቶቹን ካመነቻቸው ወደ ሥራው ትመልሰዋለች።

ጥር 8

የመጀመሪያውን ቁራጭ ሲቆርጥ የሮቦቱ ጭንቅላት ተስፈንጥሮ ሶፋ ሥር ገባ። ሁለታችንም ተንበርክከን ስንፈልግ... "ከኔ ሸሽቶ ነው፤ ብልጥ ነው" አለ። በሳቅ ሞትን።

ጥር 13

ደረቱን ሰማያዊ ቀባ። ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቶ እስከ ብብቱ ወረደ። አንድ ቦታ ተቆለለ፣ አንድ ቦታ ነጩ ፕላስቲክ ታየ። ብሩሹን ሲይዝ አንዳንዶቹ ጣቶቹ ይታዘዙታል፤ ሌሎቹ ግን የራሳቸው አለቃ ናቸው።

ሲጨርስ የሮቦቱን ፊት ወደ ግድግዳ አዞረው። "ይህን አይታ ክሬን ላይ ታስወጣኛለች?" አለ። እራቱን አልነካም። አንጀቴን በላው።

ጥር 14

ጠዋት ጋሼ በእግሩ ሊንሸራሸር ወጣ። ጠርዙን ብቻ ላስተካክል ብዬ ነበር... የጥፍር ብሩሼን አወጣሁ፣ ቀጭኗን። አንዱን ጠርዝ ሳስተካክል ሌላው አስጠላኝ። ከዚያ ብብቱን። ከዚያ ደረቱን በሙሉ። ለኔ ምንም አይደለም፤ ስቀባ የምውል ሰው!

ሲመለስ አነሳና ለረጅም ጊዜ አየው። "ሲደርቅ ራሱን አስተካከለ እንዴ?" አለ። ፈገግ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ምን ልበለው? "ቀለም እኮ እንደዚያ ነው" አልኩ። ውሸትም አይደለም፤ ቀለም ሲደርቅ ይተኛል። ያን ያህል ግን አይተኛም።

ጥር 20

ፊዚዮቴራፒስቷ "ትልቅ ለውጥ ነው" ብላዋለች። ሻወር ውስጥ ሲዘፍን ሰማሁት። ድምፁ አያድርስ ነው። ግን ዘፈነ።

የሮቦቱን ትከሻዎችም አስተካክያለሁ። ክንዶቹንም። ወንድሜ ደስ ሲለው ማየት ኃጢአት ነው?

ጥር 24

ጉድ ሠራሁ። ሮቦቱ ጉልበት ላይ ቀለሙ ተቆልሎ ነበር። ሱቅ እንደለመድኩት ጥጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ውስጥ ነክሬ ጠረግኩት። ጥፍር መሰለኝ! ቀለሙ ለቀቀ፤ ፕላስቲኩም አብሮ ቀለጠ። የሮቦቱ ጉልበት እንደታኘከ ማስቲካ ሆነ። እንደነበረ አስቀምጬ ወደ ሥራ ሮጥኩ።

ስመለስ ጋሼ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሰው እጅ ይመስል ያየዋል። "የሮቦቱን ጉልበት ሳላውቀው ጨምቄ አጥፍቼዋለሁ" አለ። "ስጨብጥ አይታወቀኝም ማለት ነው።"

እኔስ? ዓይኔን በጨው አጥቤ "ፀሐይ አግኝቶት ይሆናል" አልኩ። "አምጣ፣ እኔ ልጠግነው" ብዬ ተቀበልኩት። ለተሰበረ ጥፍር በምጠቀምበት ዱቄት ሞላሁት፤ በሞረዴ ቅርጽ አስያዝኩት። ቆንጆ ሆነ። "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

የካቲት 1

አለቀ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሮቦቱን አገላብጣ አየችና "ከሰኞ ጀምሮ ሥራ መግባት ይችላሉ" አለችው። በር ላይ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። የሥራ ቦታው ፎርማን ደውሎ "ጭልፊት ሊወጣ ነው!" እያለ ሲጮህ ኩሽና ድረስ ይሰማል።

ጋሼ ውሃ ሊጠጣ በግራው ብርጭቆ አነሳ። አመለጠው። ተሰበረ። "እርጥብ ነበር" አለ። እርጥብ አልነበረም። እኔ ነኝ የወለወልኩት።

የካቲት 2

ከሥራ ስወጣ ጋሼ በሚሠራበት ግንባታ በኩል ዞርኩ። ክሬኑ ብረት ተሸክሞ ያልፋል። ከሥሩ ሰዎች። አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዱ ሲሚንቶ ያቦካል፣ አንዷ ሄልሜቷን እያስተካከለች ትስቃለች። ቀና ብሎ ያየ የለም። ለምን ያያሉ? ላይ ያለውን ሰው አምነውታል።

ምንድነው ያደረግኩት?

የካቲት 3

ነገርኩት።

"ጋሼ፣ ሮቦቱን... ቀለሙን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።"

"የቱን?"

"ሁሉንም።"

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሮቦቱን አነሳና ጠርዞቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "ጉልበቱስ?"

"አሴቶን ነው። እኔ ነኝ ያቀለጥኩት።"

"እኔ እኮ በዚህ እጅ የተነሳ እንቅልፍ አጥቼ ነበር" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አመጣ። "ለማንም እንዳትተነፍሺ። ሰኞ እገባለሁ። አንዴ ላይ ከወጣሁ እጄ ሥራውን ያውቃል።"

"ከሥር ያሉት ሰዎችስ?"

"ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ነክቼ አላውቅም!"

"ያኔ ብርጭቆ ከእጅህ አያመልጥም ነበር" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ...

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

የካቲት 4

ከሱቁ ጓሮ ቆሜ ለፊዚዮቴራፒስቷ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አልሰደበችኝም። "ዛሬውኑ ይዘሽው ነይ" ብቻ። መደወሌን ነግሬው ወሰድኩት።

ጋሼን ፊቷ አስቀምጣ ትናንሽ ብሎኖች ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ በግራው እንዲያሻግር አደረገችው። ግማሹ ወለል ላይ ቀረ። "ስለምታይኝ ነው" አላት። "ላይም ቢሆን መደንገጥ አለ" አለችው። የፈቀደችውን ሻረች። መቼ እንደምትፈቅድ ሲጠይቃት "አላውቅም፤ ባውቅ እነግርዎት ነበር" አለች። ለሷም ከብዷታል።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ትቶኝ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ስንወርድ "የእናቴ ልጅ ባትሆኚ..." አለና አልጨረሰውም። ትክክል ነኝ። ትክክል መሆን እንዲህ ነው የሚያስጠላው?

የካቲት 7

ሰኞ። የጋሼ ስልክ ይጮሃል፤ አያነሳም። የሚደውለው ፎርማኑ ነው። እኔንም አያናግረኝም። የበላበትን ሳህን ቀድሞኝ ያጥባል፣ እንዳልነካለት።

ሮቦቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየሁት፣ በግንባሩ ተደፍቶ። ላወጣው እጄን ሰደድኩና... ተውኩት። የሱ ነው።

የካቲት 12

"ጋሼ፣ ምሳ ቀርቧል" ስለው "እም።" ቤቱ ጠበበኝ። ሱቅ ውስጥ ለአንዷ ደንበኛ የአንድ እጇን ጥፍር በሌላ ቀለም ቀብቼ ጨረስኩ። እሷ ናት ያየችው።

የካቲት 19

ስገባ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተዘርግቷል። አዲስ ካርቶን። ሄዶ ራሱ ገዝቶ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ገጣጥሞ ጨርሶታል። አንዱ ክንድ ትንሽ ወደ ኋላ ዞሯል፣ አንገቱ ላይ ሙጫ ፈሷል። ቀና አላለም። ጫማዬን አውልቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ብልቃጥ ይዞ ሲታገል ቆየና ወደኔ ገፋው።

"ክዳኑን ክፈቺልኝ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ከፈትኩለት። አረንጓዴ ነው፤ ለሮቦቱ ዓይን። የብሩሹን ጫፍ ላስተካክልለት ስል "በቃ፣ ሌላውን ተይው" አለ።

በግራው ያዘው። ትንፋሹን ዋጠ። ብሩሹ ዓይኑን ነካ፣ ተንሸራተተ፣ ጉንጩን አልፎ አገጩ ጋ ቆመ። እጄ ሳላዘው ተነሳ። ጭኔ ሥር ከተትኩት።

ሮቦቱን አንስቶ ወደኔ አዞረው።

"ምን ይመስላል?"

ብዙ ነገር ምላሴ ላይ መጣ። "ጠማማ ነው" አልኩት።

አየኝ። ደህና አድርጎ አየኝ።

"አዎ፣ ጠማማ ነው" አለ። ብሩሹን ነክሮ ሌላኛውን ዓይን ጀመረ።