የአባዬን ሳህን የበሉት እንግዶች

ለናፈቅከኝ ወንድምዓለም ሊንተን፤

ሰላምታዬ ይሄን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ያ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? የእንግሊዝ ብርድስ ዘንድሮ ራራልህ? ባለቤትህ ሞሪንስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አለን። ዝናብ ጠፍቶ የጉድጓዱ ውሃ ወደ ታች ወረደ እንጂ ጤናችንስ ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት፤ ምላሷም እንደ ድሮው ነው። ብቻ ስለ እሷ የምነግርህ ስላለኝ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ሳምንት ባልና ሚስት ካንተ አገር ለጉብኝት መጥተው ክፍልህ ውስጥ አረፉ። አትቆጣ፤ ሰው የማያድርበትን ቤት ምስጥ ይበላዋል። ኖርማንና ኢዲት ይባላሉ፤ ጡረታ ወጥተው እስኪ ደግሞ ዓለምን እንይ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ገና ሻንጣቸውን ሳያሳርፉ እማዬ ሊንተንን ታውቁታላችሁ ወይ ብላ ያዘቻቸው። እንግሊዝ ሰፊ አገር ነው ቢሏት፣ ልጄ ረጅም ነው፣ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እንዴት ታጡታላችሁ አለቻቸው። ኢዲትን አንጀቷን በላቻት መሰለኝ፣ ስንመለስ እንፈልገዋለን አለቻት።

በማግስቱ ባሌ ራፍ በጀልባ ወደ ነጩ አሸዋ ወሰዳቸው። የባሕር ዔሊ አይተው እንደ ሕፃን ሲፈነድቁ ነበር አሉ። ኖርማን ባርኔጣ አድርግ ቢባል እምቢ ብሎ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሲመለሱ አባዬ የሠራት መርከብ ዳር ላይ ጋደም ብላ አይተው ፎቶ አነሧት፤ ኢዲት ጎኗን በእጇ ዳበሰቻት። እኔማ ቆሜ አየኋቸው። ባዕድ ሰው ባሕር አቋርጦ መጥቶ የሚዳብሳትን መርከብ፣ ሚስማሯን ያቀበልከው አንተ ከስንት ዘመን ወዲህ አላየሃትም።

ለካ በዚያው ቀን እማዬ የሙታን ሳህን ልታቀርብ ተነሥታ ኖሯል። አባዬ በሕልሟ መጥቶ ራበኝ ብሏታል፤ ሙታን ሲጠይቁ ደግሞ ዝም እንደማይባል ታውቃለህ። ፍየል አሳርዳ ወጡን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ዓሣውን፣ ከጎኑም አረቄውን ሩሙን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ ደረደረችው። ሰው ሳይነካው ማደር ነበረበት። እኛ ጓሮ ሆነን ድስት ስናጥብ እንግዶቹ ከባሕር ዳር ርቧቸው ተመልሰው፣ ማዕዱን አዩና እራታችን ነው ብለው ቁጭ አሉ። እኔ ስገባ ኖርማን የአባዬን ዓሣ አጥንት ይመጥጣል። ሩሙንም አጋምሶታል። የባለሙያዋን እጅ ይባርክ ሲለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማዬ ከኋላዬ መጣች። በቃ ዛሬ ቤቱ ሊፈርስ ነው ስል እሷ ቆማ ሲበላ አየችው። ተዪው ይጨርስ፣ አባትሽም የራበው እንግዳ ከማዕዱ ሲነሣ አይወድም ነበር አለች። ነገሩን ኋላ ስናስረዳቸው ምስኪኖቹ የሚገቡበት ጠፋቸው።

በማግስቱ ሌላ ሳህን ቀረበ። እንግዶቹም ጥፋታቸውን ሊክሱ ውሃ ሲቀዱ ዋሉ። ጎረቤታችን አክስት ሊዚም መጣች። እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ውሃና ሩም እያፈሰሰች ሙታኖቻችንን በየስማቸው ጠራች፤ እናቷን፣ ባሕር የበላውን ወንድሟን፣ አባዬን። ከዚያ «ሊንተን» አለች።

ሊንተን፣ ያንተን ስም! አክስት ሊዚ አፏን ያዘች። እንደምንም ብዬ እማዬ እሱ እኮ በሕይወት አለ አልኳት። ጠርሙሱን እንደያዘች፣ «አውቃለሁ» አለች። «እነሱም አይመጡ፣ እሱም አይመጣ፤ ምላሴ በምን ይለያቸው?»

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሏታል። ልጄን በአፌ ከሙታን ደባለቅኩት እያለች ትብከነከናለች። አክስት ሊዚ ስንት መላ ብታመጣላት እማዬ አንዱንም አልሰማ አለች። የተጠራ ሰው ራሱ መጥቶ እደጃፉ ላይ አቤት ካላለ ስሙ ከሙታን መሃል አይወጣም ባይ ናት። አንተ በዚህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ሳቅ፣ ግን መጥተህ እፊቷ ሳቅ። ባለፈው የምመጣው ጣሪያውን አሳድሼ ነው አልክ፣ ከዚያ በፊት ልጆቹ ትምህርት ሲጨርሱ ብለህ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አልወቀስኩህም፤ ናፍቆቱን ዋጥ አድርጌ ኖሬያለሁ። የእሷን ግን መዋጥ አልቻልኩም።

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የምትመጣው ኢዲት ናት፤ አድራሻህን ሰጥቻታለሁ። ሁሉንም ቆማ አይታለች፤ ሻይ አቅርብላትና ጠይቃት። ትከሻህን ትኩር ብላ ብታይህ አትደንግጥ፤ እማዬ አደራ ብላት ነው።

ሞሪንን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ቀሚስ ፋሲካ እለብሰዋለሁ። ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ራፍ ሰላም ይልሃል፤ ጀልባዋን እንደ አዲስ ቀብቷታል። አክስት ሊዚም ሰላም ብላሃለች። እማዬን ምን ልበልልሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ለሚመጣ ሰው ሰላምታ አይላክም ብላኝ ደጃፉን ልትጠርግ ወጣች።

እህትህ ዩላሊ
ዊንድዋርድ መንደር፣ ካሪያኩ ደሴት
መጋቢት 3 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.